ነውሩ የተነገረለት ቤት

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
እንዴ! እራት አልበላችሁም እንዴ? ጮክ በሉ እንጂ!
«የላም በረት!»
እሰይ፣ እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ከባሏ ከጎበዜ ጋር ተራራ ሥር ትኖር ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ቤታቸውን ከጀርባው ውሃ ይገባውና ግድግዳው ይሻግታል። ጎበዜም አንድ በጋ ተነሣና ከጓሮ ቦይ ቆፈረ። የሻገተውን ጭቃ አፍርሶ ጣለና አዲስ ጭቃ በጭድ አቡክቶ መረገው። ማንጠግቦሽም በእበትና በአመድ ለቀለቀችው። ቤቱም ደረቀ።

ከዚያም ሩቅ አገር የተዳረችው ልጃቸው፦ «አርግዣለሁና እናቴ ትድረስልኝ» ብላ ላከች። ቤቱ ካልተሸጠ መሄጃ ገንዘብ የለም። ዳሳሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ልትገዛው መጣች።

ጎበዜም ሚስቱን፦ «የሻጋታውን ነገር ትንፍሽ እንዳትይ! ከሰማች ትሸሻለች፤ እኛም የልጅ ልጃችንን ሳናይ እዚሁ እንከርማለን» አላት።

ማንጠግቦሽም፦ «ልጆቿ የሚያድሩት እዚህ አይደል? ቦዩን ካልጠረገች እኮ ይመለሳል» አለች።

«ዝም በይ አልኩሽ!»

ሆዷ ግን እሺ አላላትም።

በዚያ አገር ወግ፣ በሬም ይሸጥ ቤትም ይሸጥ፣ ሽማግሌ ፊት ነውሩ ይነገራል። ጠላ ቀረበና ሽማግሌው አባ ተድላ፦ «የዚህ ቤት ነውሩ ምንድን ነው?» አሉ።

ጎበዜም፦ «ቤት ምን ነውር አለው አባቴ? አይዋጋ፣ አይራገጥ!» አለና ሰዉን አሳቀ። ማንጠግቦሽ ምላሷን ነክሳ ጠላ ትቀዳለች። ለጎበዜማ ደጋግማ ቀዳችለት።

ዳሳሽም ጓሮውን ዞር ብላ አየችና፦ «ይህ ቦይ እንዴት ያምራል! መቼም የቆፈረው የዚህ አገር ሰው አይሆንም» አለች።

አይ ጎበዜ! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ብድግ አለና፦ «እኔ ነኛ! ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሮ፣ እህሉ ሸትቶ፣ በዚህ በእጄ...» አለና አፉን ያዘ።

ማንጠግቦሽ ልጇ ትዝ አለቻትና እንባዋ መጣ። ግን ወደ ዳሳሽ ዞራ ተናገረች፦ «እውነት ነው ልጄ። ሻጋታ ነበረበት፤ አሁን የለም። ቦዩ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ካልተጠረገ ግን ይመለሳል፤ ልጆችሽንም ያስላቸዋል።»

ዳሳሽ ከት ብላ ሳቀች፦ «ያየሁት ቤት ሁሉ ነውር የለውም እያሉኝ ፈርቼ ስዞር ከረምኩ። ነውሩንም መድኃኒቱንም የሚነግረኝ ሰው ይኸው አገኘሁ። ገዝቻለሁ!»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። እልልታው ቀለጠ። ማንጠግቦሽም ከጎበዜ ጋር ልጇ ሳትወልድ ደረሰች። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ፣ የልጅ ልጇን አቅፋ፣ ዳሳሽ ቤት ምን ደርሶ ይሆን ብላ አንዴም ሳትባንን ለጥ ብላ ተኛች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ጥርስ እንደሌለኝ ታውቃላችሁና፣ ዳቦው ለስለስ፣ ማሩም ጠብ ይበልበት።