ጨው የጠየቀ ሰው ሳህኑ የሚነሳበት መንደር

በጣሊያን አገር፣ ከባሕሩ ዳር፣ ቶሬስኩራ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ማዕድ ላይ ጨው አይቀመጥም። ጨው ብሎ የጠየቀ እንግዳ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው ይሁን ትንሽ፣ ሳህኑ ከፊቱ ይነሳበታል። ልጄ የውብዳር የባሕሩን መንደሮች ላሳይሽ፣ የየአገሩንም ምግብ ቅመሺ ብላ ይዛኝ ስትዞር በእኔም ደረሰ፤ ዓሣውን ቀምሼ ጨው ብጠይቅ፣ አሱንታ የምትባለዋ ባለ ምግብ ቤት አሮጊት ሳህኔን ብድግ አደረገችው። በእኛ አገር የእንግዳ ሳህን የሚያነሳ ወይ ጠላት ነው ወይ እብድ። «ምን አጥፍቼ ነው? ጠይቂልኝ» አልኳት ልጄን። አሮጊቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነገረችኝ፣ ልጄም አስተረጎመች፤ ስትጨርስ በእሷ መቆጣቴን ትቼ በሌላ ተቆጣሁ።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ ከመንደሩ በላይ ባለው ግንብ የሚኖር አንድ ጌታ ጨውን ለብቻው ያዘ። ጨው መያዝስ በሌላም አገር ያለ ነው፤ ይህ ግን ባሕሩም የእኔ ነው አለ። አንድ ማሰሮ ውኃ የጨለፈ ይገረፍ ብሎ ዳርቻው ላይ ዘብ አቆመ። እኛስ ጨው የተወደደብን ከሩቅ በግመል ስለሚመጣ ነው፤ እነዚህ ባሕር በራፋቸውን እየመታው አልጫ በሉ። እግዜር ያፈሰሰውን ውኃ የሚያስጠብቅ ሰው ምን ይባላል?

ያን ጊዜ ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት ኦርሶላ የምትባል ሴት ነበረች ይባላል። ልጆቿን የብርዱን ወራት የምታሻግረው በጨው ታሽቶ በርሜል ውስጥ በሚቀመጥ ዓሣ ነው፤ ጨው ከሌለ ዓሣው ይሸታል፣ ዓሣው ከሸተተ ልጆቹ አለቁ። ስለዚህ ገላዬን ልታጠብ ብላ ከነቀሚሷ ባሕር ትገባና፣ ቤቷ ስትመለስ ቀሚሷን ማሰሮ ላይ ጨምቃ፣ ውኃውን አፍልታ አድርቃ፣ ከሥሩ የቀረውን ጨው ትፍቃለች። ጎረቤቶቿም አይተው እንዲሁ አደረጉ። ዘቦቹ ነቁባቸውና ከነልብስ መግባትም ተከለከለ። የኦርሶላ ዓሣ መሽተት ጀመረ።

ጌታው ደግሞ በበዓል ቀን ድሆቹን በተራ እያስደገሰ የመብላት ልማድ ነበረው፣ የወሰደባቸው ያልበቃው ይመስል። ተራው ኦርሶላ ላይ ወደቀ። ያልተበላሸውን ዓሣ መርጣ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሠርታ አቀረበችለት። ቀመሰና፣

«ጨው የለውም» አላት።

«ከየት ላምጣው፣ ጌታዬ?»

ሳቀ ይባላል። ከግንቡ አስመጣና፣ ልጆቿ ቆመው እያዩ፣ በገዛ ሳህኑ ላይ ብቻ ነሰነሰ። ይህን ጊዜ ኦርሶላ ሳህኑን ከፊቱ አነሳች። ጨዉን በጣቷ ጠርጋ መዳፉ ላይ አደረገችለትና፣ «ዓሣው የልጆቼ ነው። የእርስዎ ይኸው፤ ይዘውት ይሂዱ» አለችው።

ግረፏት አለ፤ ገረፏት። ገራፊዎቹ ግን የማን ልጆች ነበሩ? የእነዚያው የጎረቤቶቿ። ማታ እቤታቸው ገብተው ለራት ሲቀመጡ እናቶቻቸው ሳህኑን አቅርበው መልሰው አነሱት። «ሂድና ጌታህ ያጉርስህ» እያሉ ነው አሉ፣ በየቤቱ። እናቱ ከማዕድ ያስነሳችው ልጅ በማግስቱ በምን ጉልበቱ ባሕር ይጠብቃል? ጠዋት ዳርቻው ላይ አንድም ዘብ አልታየም። ሴቶቹ በጠራራ ፀሐይ ማሰሯቸውን ተሸክመው ወረዱ፤ የኦርሶላም በርሜል ሞላ። ጌታውን አንዳንዶች አገር ጥሎ ሄደ፣ አንዳንዶች ከጨው ክምሩ ጋር ግንቡ ውስጥ አረጀ ይላሉ። የትም ይግባ።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ዛሬ አስጎብኚው እንግዳ ሰብስቦ የሚያሳየው ግንቡን መሆኑ ነው። የጌታው ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል። የተገረፈችዋ ቤት ግን መረብ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ሳህን ሲነሳም ሰዉ እንደ ቀልድ ፎቶ እያነሳ ይስቃል። የመንደሩ ሴቶች አልረሱም። በዓመት አንድ ቀን ከነቀሚሳቸው ባሕር ይገቡና፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ሽቅብ ወጥተው፣ ቀሚሳቸውን ግንቡ ደጃፍ ላይ ይጨምቁታል። ግንቡን ሆቴል ያደረገው ሰውዬ እንግዶቼን ያዳልጣል ብሎ ቢከለክላቸው እምቢ አሉት፤ ቢጨንቀው ደጃፉ ላይ ቀይ ምንጣፍ አነጠፈ። እዚያው ላይ ጨመቁት። ምንጣፉን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ጨው ጠጥቶ ነጥቷል።