የጃንጥላ ጠጋኙ ማቆሚያ

አንድ ሰው ነበረ። ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር። እግሮቹ በልጅነቱ በበሽታ ስለሰለሉ የሚቆመው በክራንች፣ የሚሄደው በባለ ሦስት እግር ሞተር ነው።

ምን ታይኛለሽ አስካለ? ጥያቄሽን የረሳሁት መሰለሽ? «እማሆይ፣ ወንድሜ አደጋ ደርሶበት እግሩ እንቢ ካለው ወዲህ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ፤ እሱ ግን ፊቱን ያዞርብኛል፤ ጭራሽ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ ይላል፤ ምን በደልኩት?» ነው ያልሽኝ። አለቀስሽም። በይ አሁን እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ። አሮጊት መነኩሴ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች እንዳትዪ። ገበያው እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው፤ የዚያ ሰው ሞተር ዳገቱን ሲያጓራ ስንቴ ጸሎቴን አስረስቶኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለው።

ይህ ሰው መጀመሪያ ሲመጣ ለገበያው ሰው ለማኝ መሰለው። «እግዜር ይማርህ» እያሉ ሳንቲም ጣል ያደርጉለት ነበር። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች፣ የሺመቤት የምትባል፤ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ፣ ልቧ ግን እንደምትሸጠው ቅቤ። እሷ ሳንቲም አልጣለችም። ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላዋን አምጥታ ጭኑ ላይ ጣለችና «እስከ ነገ ካልሠራኸው ወዮልህ!» አለችው። ሠራው። በማግስቱ ጃንጥላዋን ዘርግታ ገበያውን ዞረችበት። ከዚያ ወዲያ የተሰበረ ጃንጥላ ያለው ሁሉ ወደሱ መጣ። በሷ ምክንያት ባለሙያ ተባለ፤ ይህን አንድም ቀን አልረሳላትም።

ችግሩ ሞተሩን የሚያቆምበት ቦታ ነበር። ገበያው ዳር ዳሩ ቦይ ነው። ሞተሩን አስጠግቶ፣ ክራንቹን ተክሎ፣ ሳይወድቅ ሊወርድ የሚችለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በሩ አጠገብ፣ በግንቡና በቦዩ መካከል ባለችው ደልዳላ መሬት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ አንዱ ባጃጁን፣ ሌላው የሽንኩርት ጋሪውን እዚያው ይገትራል። «አንዴ ብቻ ፋዘር፣ አሁን እነሣለሁ!» ይሉታል። ያ አሁን የሚሉት ነገር እስከ ምሳ ይቆያል። ሰውየውም ገበያውን ይዞርና፣ ይዞርና፣ ቦታ ሲያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ሰሞን ጭራሽ ጠፋ። ክረምት ነበርና ሰው የተሰበረ ጃንጥላውን ይዞ ሲመጣ መቀመጫው ባዶ ሆነ። ለምን እንደቀረ ሲሰሙ አፈሩ፤ ሐሰት አልናገርም፣ ከልባቸው ነው ያፈሩት። ተሰበሰቡ። ባለ ባጃጆቹን ገሠጹ። ቦታውን ዙሪያውን በኖራ ቀቡለት። ሌላ ሰው ደፍሮ እንዳይቆምበት ደግሞ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አንከባለው መግቢያው ላይ ገጠሙ። አንድ ጠንካራ ተሸካሚ ነበረ፤ «እሱ ሲመጣ ድንጋዩን የማነሣው እኔ ነኝ» ብሎ በፈቃዱ ተረከበ። ጠጋኙ ተመልሶ ያንን ሲያይ አለቀሰ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

እንግዲህ ጠዋት ይመጣል፤ ክላክሱን ይነፋል። ተሸካሚው «መጣሁ ጋሼ!» ብሎ ይሮጣል፤ ድንጋዩን ይገፋል፤ ሞተሩ ይገባል። ከዚያ ከኋላ ሌላ ሰው መጥቶ መውጫ እንዳይዘጋበት ብሎ ድንጋዩን መልሶ ይገጥመዋል። ሰማሽኝ? እንዳይዘጋበት ብሎ ይዘጋበታል። ሰውየው ሊሄድ ሲል እንደገና መጥራት ነው። ተሸካሚው ጭነት ላይ ከሆነ መጠበቅ ነው፤ ዝናብ ከሆነም በዝናቡ መጠበቅ ነው። በክራንች የቆመ ሰው ሁለቱም እጁ ተይዟል፤ ድንጋይ በምኑ ይገፋል?

አንድ ቀን «ይህ ድንጋይ ቢቀርስ?» ብሎ ጀመረ። ባንድ አፍ «ኧረ ጋሼ፣ እኛ እያለን ምን አስጨነቀህ! አንተ ብቻ ጥራን!» አሉት። ምን ይበል? እንዲህ ያለ ደግ ሰው ፊት እንዴት ይማረራል? እነሱን ማስቀየም መሰለውና «እሺ» ብሎ ወደ ጃንጥላው ተመለሰ። ደግነት ሲበዛ አፍ ይዘጋል፣ ልጄ።

አንድ ማለዳ፣ ጠጋኙ ገብቶ ድንጋዩ ከተገጠመ በኋላ፣ የየሺመቤት መርዶ ገበያው ውስጥ ገባ። ሌሊቱን ታማ ነው ያረፈችው። ቀብሯ እዚያው ዕለት፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ደብሯ ሆነ። መቼም የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ለቀብር ሲሆን የተኳረፈ እንኳ አይቀርም። ሱቁ ተዘጋ፣ ሸራው ተጠቀለለ። ተሸካሚው የእድሩን ድንኳን ተሸክሞ ቀድሞ ሄደ። ሴቶቹ መኪና ላይ ተጭነው ተከተሉ። ሁሉም በየልቡ «ጠጋኙን አንዱ ያወጣዋል» አለ። ገሚሱ ደግሞ «እሱ እንኳ ይቅር፣ መንገዱ ያደክመዋል፤ ነፍሷን ይማረው፣ እሷም አትቀየመውም» አለ። የሱን ድካም እነሱ መዘኑለት።

ሰውየው ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ ለብሶ ሞተሩ ላይ ወጣና ክላክሱን ነፋ። ማንም የለም። ደግሞ ነፋ። ከውሻ በቀር በገበያው የቀረ አልነበረም። ወርዶ በክራንቹ ጫፍ ድንጋዩን ሊገፋ ሞከረ፤ አዳለጠውና ጭቃው ላይ ወደቀ። ተንፏቆ፣ ግንቡን ይዞ ተነሣ፤ ሞተሩ ላይ ተመለሰ። ከማዶ ደወሉን ሰማ። ያቺ የመጀመሪያውን ጃንጥላ የሰጠችው ሴት አፈር ስትለብስ፣ እሱ ኖራ በተቀባለት ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሲመለሱ እዚያው አገኙት። ነጠላው በጭቃ ተለውሷል። ተሸካሚው ከሁሉ ፊት ነበርና ሲያየው ክው አለ።

«ጋሼ፣ አልመጣህም እንዴ?»

«በየት ልምጣ?»

አንዲት ሴት ፈጠን ብላ «እኛ እኮ እንዳትደክም ብለን ነው» አለችው። ቀና ብሎ አያት።

«ልድከማ! ለሷ ያልደከምኩ ለማን ልደክም ነው?» አለ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ያኔ ተሸካሚው እስከዚያ ቀን ማንም ያላደረገውን አደረገ። ወደ ድንጋዩ አልሮጠም። ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «እሺ ጋሼ፣ አንተ ምን ይሁንልኝ ትላለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ድንጋዩን አንሡልኝ።»

«ሰው ቢቆምብህስ?»

«እኔው ልጣላዋ! አፍ የለኝም? እግሬ ቢሰልል ምላሴ መቼ ሰለለ! ተጣልቼ ያቃተኝ እንደሆነ እጠራችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ድረሱልኝ።»

በለቅሷቸው መሀል ሳቅ አመለጣቸው። ተሸካሚውም እየሳቀ፣ እንባውንም እየጠረገ፣ ሁለቱን ድንጋዮች አንከባሎ ወሰደና ግንቡ ሥር፣ ሴቶቹ ታክሲ ሲጠብቁ የሚያርፉበት አደረጋቸው። እስከ ዛሬ እዚያው አሉ፤ ስትወርጂ እያቸው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ሰላም ሆነ ብልሽ ዋሾ ነኝ። አንዳንድ ቀን አንዱ ባለ ባጃጅ ይገተርበታል። ያን ቀን የጠጋኙ ጩኸት እዚህ ቤቴ ድረስ ይሰማል፤ «ኖራው አይታይህም? ዓይንህን ለማን አውሰኸው ነው?» ሲል። ባለ ባጃጁ እያጉረመረመ ይነሣል። ገበያተኛው ይስቃል፤ ካልተጠራ ግን ጣልቃ አይገባም። የየሺመቤት አርባዋ በወጣ ዕለት፣ በተዝካሯ፣ ያ ሞተር ገና በማለዳ እያጓራ ድልድዩን ተሻገረ። ከቤተ ዘመዶቿም ቀድሞ መቃብሯ ላይ ደረሰ። ማንንም አልጠራም፣ ማንንም አልጠበቀም። እስኪወጣለት አለቀሰላት።

እንግዲህ አስካለ፣ ነይ ቅረቢኝ። ምን በደልኩት ነው ያልሽው። ኧረ ወደድሽው እንጂ! እነዚያም ወደውት ነበር። ግን ማክሰኞ ወንድምሽን ልጠይቀው ስመጣ ክራንቹን የት አየሁት? በሩ ጥግ። እሱስ? አልጋው ላይ። «ብቻውን ተነሥቶ እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው እማሆይ፤ ሲፈልገኝ ይጥራኝ» አልሽኝ። ያንቺ ድንጋይ ይኸው ነው፣ ልጄ። ውሃ ሲጠማው አንቺን መጥራት፣ ሽንት ሲመጣበት አንቺን መጥራት፣ ጓደኛው ደጅ ቆሞ «አለህ ወይ?» ሲለው እንኳ አንቺን መጥራት። ያንቺ ነገር ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው፤ ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ትመልሺለታለሽ። ከቤት ልውጣ ቢል ይፈረድበታል?

ቢወድቅስ ትይኛለሽ። ይወድቅ ይሆናል። ጠጋኙም ወድቋል፤ እሱን የቆጨው ግን መውደቁ መሰለሽ? ለወንድምሽ ምን ይሁንልህ ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? አታውቂም። ዛሬ ጠይቂው። የሚመልስልሽ ባይጥምሽም ዋጥ አድርጊው።

በይ ተነሽ፣ ሳይመሽ ግቢ። ክራንቹን ከበሩ ጥግ አንሥተሽ አልጋው ራስጌ፣ እጁ በሚደርስበት አስደግፊው። ከዚያ ወደ ጓዳ ግቢና ሥራሽን ሥሪ። ኮቴውን ስትሰሚ ሮጠሽ እንዳትወጪ፣ በሞቴ። ስንት ጊዜ አንቺ ሄደሽለታል፤ አንድ ቀን ደግሞ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው፣ እሱ ይምጣልሽ።