ክላክሱ ዝም ያለ ዕለት

የሚያነሳ እጅ የሚደክመው ስንት ጊዜ ሲወድቁ ነው? ብርነሽ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አቅቷታል።

አንድ ሽብሩ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ብርነሽ ሚስቱ ናት። እነሽብሩ ተራ የሚጠብቁበት መናኸሪያ የራሱ ደንብ ነበረው። መኪናው የተጋጨበት ሹፌር መሐል ይቆምና “ወገን፣ ተጎድቻለሁ” ይላል። ሊረዳው የፈቀደ ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። ክላክስ ያደረገ ሰው የዚያን ቀን የመጀመሪያ ምልልሱን ገቢ ለማሠሪያ ይሰጣል። በቃ። ፊርማ የለ፣ ዋስ የለ።

ሽብሩ መጀመሪያ የተጋጨ ጊዜ ብርነሽ ልጇን አዝላ እዚያው ቆማ ነበር። መናኸሪያው ባንዴ ጮኸ። መሬቱ ከእግሯ ሥር የተንቀጠቀጠ መሰላት።

“አቤት አምላኬ! ለካ ሰው እንዲህም ይተዛዘናል!” ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሽብሩ ለመደ። ስፖኪዮ ተሰበረበት፣ መሐል ቆመ። በሩ ተጫረበት፣ መሐል ቆመ። ስልክ እያወራ ከግንብ ተላተመ፣ አሁንም ቆመ። ክላክሱም እየሳሳ ሄደ።

“ኧረ ሽብሬ፣ ስፖኪዮውን እንኳ ራስህ ግዛ። ሰው ታዘበን እኮ” አለችው።

“እኔስ ለሌላው ክላክስ አላደርግም እንዴ? መብቴ ነው!”

በኋላ የተራው ሽማግሌ ጋሽ መርዕድ ጠሩት። “ልጄ፣ ከእንግዲህ ሌላው ሲጎዳ አንተ የሁለት ምልልስ ትሰጣለህ። ጭረቱን ደግሞ ራስህ ቻለው።”

“ቅጣት መሆኑ ነው ጋሼ?”

“ምን ቅጣት አለው? ብዙ የጠጣ ብዙ ይቅዳ ነው እንጂ።”

ክረምት ገባ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከፊቱ ገበያተኛ መንገድ ያቋርጣል። ሽብሩ መሪውን ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው ተረፈ፣ መኪናው ግን ተጨፈለቀ። ቤታቸው የሚበላው ከዚያች መኪና ብቻ ነበር።

በማግስቱ የተጎዳ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መሐል ቆመ። “ወገን፣ ተጎድቻለሁ።”

“ዛሬስ የቱ ስፖኪዮ ነው?” አለ አንዱ። ተሳሳቁ። ከዚያ ዝም አለ መናኸሪያው። ዳር የቆመችው ብርነሽ ያዘለችውን የልጇን ትንፋሽ ከጀርባዋ ትሰማለች።

የጋሽ መርዕድ አሮጌ መኪና በጎርናና ድምፅ ጮኸች። ቆይቶ ሌላ። ቆይቶ ሌላ። ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ዝም እንዳለ ቀረ። የተገኘው ለሞተሩ በቃ፣ ለመኪናው አካል ግን አልበቃም።

ብርነሽ ግን ተንበርክካ መሬት ሳመች። የወደደ ሲሰጥ አይታለች። የሰለቸው ሲሰጥ ያየችው ያን ዕለት ነው። ይህ ነገር አስፈራት፤ ቤተ መቅደስ የገባች ያህል።

ወገኖቼ፣ ኢንሹራንስም እንደዚሁ ነው ይባላል። በትንሽ በትልቁ ካሳ የጠየቀ ሰው ክፍያው ይከብድበታል፣ ሽፋኑም ይጠብበታል። የሌላውን ላብ ለጭረት የጨረሰ፣ የወደቀ ዕለት ይጎድልበታል።

ትናንት ደግሞ አካሏ ገና ሳይጠገን ደጃቸው የቆመች መኪናቸውን ጋሪ ገጭቶ ስፖኪዮዋን ሰበረው። ገጪው ሮጦ አመለጠ።

“ይሄ እንኳ የኔ ጥፋት አይደለም፣ ነገ መሐል እቆማለሁ” ይላል ሽብሩ።

እውነቱን ነው፣ አላጠፋም። እሷ ግን ያ ዝምታ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ትከልክለው ወይስ ትተወው? እባካችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመክሯታላችሁ?