ጭረት ወንዝ ላይ የሆነው

መጨረሻ ላይ የምትሰሙትን ተረትና ምሳሌ ሌላው ሰው እንደ ዋዛ ጣል ያደርገዋል። እኛ የጭረት ወንዝ ዳር ሰዎች ግን ስንሰማው ሰውነታችንን ይወረናል። እንዴት አይውረን? በዓይናችን አይተን!

ናሁሰናይ የሚባል የከተማ ሰው ከሚስቱ ከቤዛዊት ጋር የጥንቱን የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ በላንድክሩዘር ሊያቋርጥ መጣ። ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሁላችንንም አሳቀን።

ጭረት ድልድይ የለውም። ነጋዴዎቹ ድሮ በቅሎ ከማስገባታቸው በፊት ከውሃው ጠርዝ ጠጠር አኑረው ይቀመጡ ነበር። ውሃው ጠጠሩን ከዋጠው ደጋው ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ እዚያው ያድራሉ። የእኛም ሥርዓት ይኸው ነው። የመሻገሪያው ሽማግሌ ጋሽ ይማም ጠጠሩን አኖሩና፣

“ትንሽ አረፍ በሉ፣ ልጆቼ” አሉ።

“አባቴ፣ ይሄ እኮ በቅሎ አይደለም!” አለ ናሁሰናይ። “ሰማዩስ ቢሆን ደመና አለው እንዴ?”

ገባ። ውሃው የጎማውን እኩሌታ እንኳ አልነካም። ማዶ ሲደርስ እኛም አጨበጨብን። ቤዛዊት ወርዳ ስልኳን ደቀነችና፣ “ውሃው በደንብ አልተረጨም! እስቲ ድገመው!” አለችው። እየተንከተከተ ወደ እኛ ተመለሰ። አሁን ውሃው እስከ በሩ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ይማም መስኮቱን ያዙ። “ልጄ፣ ጠጠሩ ተውጧል። እዚሁ እደር።”

“ሚስቴን ማዶ ጥዬ? ኧረ እሷው ትውጠኛለች!”

እኛም ሳቅን፤ እሱም ገባ።

ወንዙ መሀል ሲደርስ መኪናው ቀስ ብሎ በጎን መሄድ ጀመረ። ቤዛዊት የሚያጫውታት መስሏት፣ “በጎን! በጎን ሄደ!” እያለች በሳቅ ፈረሰች። እሱም በመስኮት እጁን አውጥቶ አውለበለበላት። በጌታ! ያን ጊዜ ደራሹ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ መጣ። መኪናው ጎማው ወደ ሰማይ ሆነ፤ ከዚያ ጎማውም ጠፋ። የቤዛዊት አፍ በሳቅ እንደተከፈተ ቀረ።

ናሁሰናይን በማግስቱ ከታች፣ ከወንዙ መታጠፊያ አገኘነው። ሬሳውን ስናወጣ አንድ ጎረምሳ፣ “ምነው ሲገባ እንደዚያ እየሳቀ?” ብሎ አለቀሰ። ጋሽ ይማም ኩታቸውን አውልቀው ሟቹን አለበሱትና፣ “ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” አሉ።