ለሰዓዳ አንድ እፍኝ ሽሪምፕ

ተረቴ ከባሕር ወጣ፣ ጆሮ ያለው ይምጣ!

ከቀይ ባሕር ዳር፣ ሽሪምፕ የሚሉት ጣት የሚያህል የባሕር እንስሳ በሚጠመድበት ወደብ፣ ሩቂያ የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ልጇ ሰዓዳ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እህል ሆዷ ውስጥ አልረጋ ካለ ዐሥር ቀን ሆነው፤ ውሃ ስትጎነጭ እንኳ ያስመልሳታል። ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትኩስ ሽሪምፕ። የእርጉዝ አምሮት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሩቂያ ልጇ ከእጇ የምታመልጣት መስሏት ፈራች፤ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወደ ወደቡ ሮጠች።

ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረው ቆመዋል። "ወንድሜ ሐመዱ፣ ለልጄ አንድ እፍኝ ሽሪምፕ!" አለችው ካፒቴኑን።

"በረዶ ሳልጭን ብወጣ ያጠመድኩት ይበላሻል። በረዶ የለም፣ አልወጣም።"

ወደ በረዶ ቤቱ ወጣት ሄደች። "ልጄ፣ በረዶ ስጥ፤ ሐመዱ ይውጣ፤ ሰዓዳ ትብላ!"

"መብራት የለም፣ በረዶ የለም።"

ወደ ጄኔሬተሩ ሄደች። "መብራት ስጥ፤ በረዶው ይርጋ፤ ሐመዱ ይውጣ፤ ሰዓዳ ትብላ!"

ሠራተኛው ቀና ብሎም አላያት። "ናፍጣ የለም፣ መብራት የለም።"

ወደ ናፍጣ ጠባቂዋ ሄደች። "እህቴ፣ ናፍጣ ስጪ፤ መብራት ይምጣ፤ በረዶው ይርጋ፤ ሐመዱ ይውጣ፤ ሰዓዳ ትብላ!"

ጠባቂዋ እናት ነበረችና አብራት አለቀሰች። "ናፍጣውማ መጥቷል፤ ያውና መርከቡ ላይ። ክሬኑ በርሜሉን ካላወረደ ግን ምን ላድርግልሽ?"

የክሬኑ ሾፌር ጋሽ ቢላል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። "ጋሽ ቢላል፣ በርሜሉ ይውረድ፤ ናፍጣው ይቀዳ፤ መብራት ይምጣ፤ በረዶው ይርጋ፤ ሐመዱ ይውጣ፤ ሰዓዳ ትብላ!"

"አልነካውም!" አሉ። "በዚህ ወደብ የጀልባ ገመድ ተቀብሎ ያሰረ ሰው፣ ከተጠመደው የመጀመሪያው እፍኝ የእሱ ነው። አባቶቻችን ያቆሙት ወግ ነው። ባለፈው የሐመዱን ገመድ ያሰርኩት እኔ፤ እሱ ግን እንደ ግንድ ቆጥሮኝ አለፈ። ሽሪምፕ ቸግሮኝ መሰለሽ? ንቀቱ ነው የጎዳኝ። ይኸው ሦስት ቀን አኮረፍኩ፤ ለምን ያለኝ የለም።"

ሩቂያ ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጣ። ለካ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሐመዱ ጋ ነው! ተመልሳ ሮጠች።

"አንተ ሰው! በርሜሉ ያልወረደው በአንተ፤ ናፍጣው ያልተቀዳው በአንተ፤ መብራት የጠፋው በአንተ፤ በረዶው ያልረጋው በአንተ፤ ጀልባህ የታሰረው በራስህ፤ ሰዓዳ የተራበችው በአንተ!"

ሐመዱ የገመዱንና የኩርፊያውን ነገር ሲሰማ ግንባሩን መታ። "ያን ቀን ሚስቴ ታማብኝ ወደ ቤት ስሮጥ ረሳኋቸው!" ሄዶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

"ታዲያ ይህን አትነግረኝም ነበር?" አሉ ጋሽ ቢላል፣ ኩርፊያቸውን ትተው እየተነሡ።

በርሜሉ ወረደ፤ ናፍጣው ተቀዳ፤ መብራቱ መጣ፤ በረዶው ረጋ፤ ሐመዱ ወጣ። በማግስቱ ሲመለስ ጋሽ ቢላል ገመዱን ተቀብለው አሰሩ። ሐመዱም በሰው ሁሉ ፊት የመጀመሪያውን እፍኝ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸው ተቀበሉና ዞር ብለው ሩቂያ ፈትታ በዘረጋችው ሻሽ ላይ ዘረገፉት።

"ወጌ ደርሶኛል፤ አምሮቱ ግን የእኔ አይደለም። ሩጪ!"

ሰዓዳ በላች። ሩቂያ እጇን ይዛ ጠበቀች፤ አላስመለሳትም።

"እማዬ፣" አለች ሰዓዳ፣ "ጨምሪልኝ።"

የተረተ ይረፍ፣ የሰማ ይትረፍ።