ፕላኑ ላይ የሌለው ዘበኛ

አንድ ቀን ከተማችን መሀል አንድ የመድን ድርጅት አዲሱን ዋና መሥሪያ ቤቱን ሊያስመርቅ ተሰናዳ። ሕንጻው ባለ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ነው ይላሉ፤ እኔ ልቆጥር ሳንጋጥጥ ኮፍያዬ ሦስት ጊዜ ቢወድቅብኝ አሥራ አንደኛው ላይ ትቼዋለሁ። ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ደመና እንኳ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ መልኩን አይቶ ነው የሚሄደው።

የነደፈው አርክቴክት ይድነቃቸው ይባላል። ይህ ሰው «አላውቅም» ሲል የሰማ እስካሁን አልተገኘም።

ከምረቃው ሳምንት ቀደም ብሎ ሥራ አስኪያጁ አቶ መክብብ አሥር አለቃ ቢሻውን አስጠሩት። ቢሻው በአሮጌው መሥሪያ ቤት በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመ ዘበኛ ነው። ቆመ ስላችሁ፣ ቆመ ነው! ወንበር በጠየቀ ቁጥር «ለከርሞ» እየተባለ፣ ከጫማው ሥር ያለው ድንጋይ ሁለት ገበቴ ሆኗል። እንግዲህ በአዲሱ ሕንጻ የዘበኛ ቤት ሊሠሩልኝ ነው ብሎ ደስ ብሎት ገባ። አርክቴክቱ የሠርግ ድንኳን የሚያህል ፕላን ዘርግቶ ጠበቀው።

«ተመልከት» አለው። «ካሜራው እዚህ፣ መፈተሻው እዚህ፣ ይሄ ደግሞ የሚሽከረከረው በር። ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያስወጣል። አንተ የት አለህ?»

ቢሻው መነጽሩን አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ፈለገ።

«ይቺ ክብ ነገር እኔ ነኝ?»

«እሷ የአበባ ማስቀመጫ ናት።»

«አሃ።»

«አየህ፣ ፕላኑ ላይ የለህም። ሕንጻው የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ አለ። እዚህ የሌለ አያስፈልገውም።»

አቶ መክብብም «እስከ ምረቃው ቀን ብቻ ነው እንግዲህ፣ አሥር አለቃ። አንተም ደክመሃል» አሉት። ቢሻው ገና ትምህርት ያልጨረሱ ሁለት ልጆቹን እያሰበ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ምረቃው ደረሰ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እንግዶቹ ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ በሩ ጋ ቀድመው የደረሱት ከድርጅቱ መሥራቾች ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሐጂ ሸምሱና ጡረተኛው ኮሎኔል አበጋዝ ነበሩ።

«ኮሎኔል፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ ሐጂ! እርስዎ እያሉ?»

«ስሞትልዎ ይግቡ።»

«ምዬአለሁ! እርስዎ ካልገቡ አልገባም።»

በድሮው በር ቢሆን ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው አብረው ይገቡ ነበር። ይሄኛው ግን የሚያስገባው አንድ አንድ ሰው ነው። ከኋላ ያሉት መቶ ሃምሳ እንግዶችም ታላላቆቻቸውን ጥሰው አያልፉ ነገር፣ እነሱም እርስ በርስ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ይባባሉ ጀመር። በሩ ባዶውን ይሽከረከራል። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ጠዋት ተላጭቶ የመጣ ሰው እዚያው እንደቆመ ጺም አበቀለ። በላይ ደግሞ ሰማዩ ያጉረመርማል።

አቶ መክብብ አርክቴክቱን ክንዱን ያዙት። «አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

«በሩ እንከን የለበትም» አለ አርክቴክቱ። «ሰዎቹ ናቸው። ጨዋነታቸው ከልኩ በላይ ነው።»

አቶ መክብብ ዞር ሲሉ ቢሻው ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ ቆሞ ደመና ያያል።

«አሥር አለቃ! ቆመህ ታያለህ? አስገባቸው እንጂ!»

«እኔን ነው?» አለ ቢሻው። «እኔ እኮ ፕላኑ ላይ የለሁም። ጌታዬ የሚያነጋግሩት የአበባ ማስቀመጫውን ይሆናል።»

አቶ መክብብ ወደ አርክቴክቱ ዞሩ። «ሳለው!»

«አሁን?»

«አሁኑኑ ሳለው!»

አርክቴክቱ ፕላኑን መኪና ላይ ዘርግቶ በሩ ጋ አንዲት ትንሽ ክብ ሳለ። ቢሻው መነጽሩን አድርጎ አያት።

«ቆሜ ነው ተቀምጬ?»

«ቆመህ ነዋ።»

ቢሻው ወደ ደመናው ተመለሰ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የአቶ መክብብ መላጣ ላይ አረፈች። «ወንበር ጨምርለት!» ብለው ጮኹ። ወንበር ተሳለ።

ያኔ ቢሻው ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ሄደና የሐጂን ክንድ ያዘ። «ሐጂ፣ ይለፉ! ኮሎኔል፣ ይከተሉ! ቀጥሎ!»

«ኧረ ነውር ነው፣ እሳቸው...»

«ነውሩ የእኔ ነው። ባለጌው እኔ ነኝ። ይለፉ!»

ዘበኛ ካዘዘ ጨዋ ሰው ምን ያደርጋል? ታላቁን ጥሶ ሳይሆን ታዝዞ ነው የገባው። መቶ ሃምሳው ሰው ሁሉ «ዘበኛው እኮ ነው» እያለ፣ ዕጣን የሸሸ ሰይጣን በማይደርስበት ፍጥነት ገብቶ አለቀ።

ውጭ የቀሩት አቶ መክብብና አርክቴክቱ ብቻ ናቸው።

«ይቅደሙ፣ ጌታዬ።»

«ኧረ አንተ ቅደም፣ የእጅህ ሥራ ነው።»

«እርስዎ እያሉ? በፍጹም!»

ዝናቡ ወረደ። ሁለቱም እየበሰበሱ ዞረው ቢሻውን አዩት።

ቢሻው በበሩ ጥላ ሥር ቆሞ ኮፍያውን አስተካከለና፣ «ወንበሩ ሲመጣ» አለ።