ምርጡ ሊኑክስ የቱ ነው?

«አንቺ ዝም ስትዪ ነው የምታስፈሪው» ብለዋት ነበር የሰባተኛ ክፍል መምህሯ፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ዕለት። ዛሬ ልጇን ታቅፋ የኮምፒውተር ስልጠናው የመጨረሻ ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

አሰልጣኙ ኢንጂነር አምደብርሃን ያገለገሉ ላፕቶፖች ሲያድሉ ቆይተው አንድ ብቻ ቀርቷቸዋል። እሷ ላፕቶፑን ካገኘች ከልጇ ሳትለይ፣ ቤቷ ሆና ለሰው ማመልከቻ እየጻፈች ልትተዳደር አስባለች።

«ኮምፒውተሩ ባዶ ነው፤ ሊኑክስ የሚባለው ማስኬጃ ፕሮግራም ይጫንበታል» አሉ ኢንጂነሩ። «ሊኑክስ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። ምርጡን የነገረኝ ይወስደዋል።»

«ኡቡንቱ!» አለ አንዱ።

«እሱማ የሰነፍ ነው!» አሉ ኢንጂነሩ።

«ፌዶራ!» አለች ሌላዋ።

«በየስድስት ወሩ ስታድሺ ልትኖሪ?»

«እሺ ዴቢያን!» አለ ሦስተኛው።

«የሽማግሌ ምርጫ!» አሉ። ከዚያም ወደ መጨረሻው ወንበር ዞሩ።

«አንቺስ ባለልጇ?» አሉ ኢንጂነሩ እየሳቁ። «ለመሆኑ የአንዱን ስም እንኳ ታውቂያለሽ?»

«ስሙን እርስዎ ያውቁታል ኢንጂነር። ምርጡ ለእናትዎ የጫኑላቸው ነው። ለራስዎ ሲሆን አስቸጋሪውንም ይሞክራሉ። እሳቸው ግን ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቁጥር ስለሚደውሉልዎ፣ የማያስደውለውን አስበው መርጠውላቸዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኢንጂነሩ ሊቆጡ አሰቡና ተዉት።

«ሚንት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እማዬ ይኸው በሁለት ዓመት አንዴም አልደወለችብኝ።»

ላፕቶፑን ከነመጫኛው ፍላሽ አቀበሏት። እሷም ልጇን ወደ ግራ ጉልበቷ አዛወረችና ፍላሹን ሰካች።